ዲግሪ ይዞ ላርጎ የሚያማስለው ወንድሜ እና የአክሊሉ ለማ እንዶድ

ባለፈው አቦ ዕለት አከራያችን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በራችንን አንኳኩ። ሌላ ጊዜ ወሩ በገባ በአምስት ሲመጡ ዳቦ ወይም ቆሎ ይዘው ነው። ያን ቀን ግን እጃቸው ባዶ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ትልቅ ነህ፣ ለወንድምህ ንገረው። ወይ ይሄን ነገር ያቁም፣ ወይ ቤት ፈልጉ።»

«ይሄን ነገር» ያሉት ግቢው ጥግ ላይ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖችና አንድ ሰማያዊ በርሜል ነው። ታናሽ ወንድሜ ላርጎ ይሠራል። ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዲግሪውን ይዞ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሲያነብ አለቀ። ሁለተኛውን አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያስረክብ ከረመ። በሦስተኛው መርካቶ ወርዶ ሰልፎኒክ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳና ቴክሳፖን ገዝቶ መጣ።

አሠራሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አሲዱን ውኃ ላይ ያፈሳል፣ የሟሟውን ሶዳ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረ በረጅም እንጨት ያማስላል፣ መጨረሻ ላይ ጨው ይጨምርበታል። ጨው ላርጎውን ያወፍረዋል፤ ከልኩ ካለፈ ግን መልሶ ያቀጥነዋል። ያን ልክ ለማግኘት ሁለት ወር ፈጅቶበታል። አሁን የሰፈራችን ሁለት ምግብ ቤቶች፣ መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚያፈሉ እናቶችና አንድ የመኪና እጥበት ደንበኞቹ ናቸው።

እትዬ የከፋቸው በሽታውና በቱቦ በሚወርደው አረፋ ነው። እውነት አላቸው። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «እኔ ነጠላዬን ዕድሜ ልኬን ያጠብኩት በእንዶድ ነው። እንዲህ ያለ መርዝ ግቢዬ ገብቶ አያውቅም» አሉ።

ወንድሜ ከውስጥ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ብቅ አለና፣ «እትዬ፣ እንዶዱም እኮ ኬሚካል አለበት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ኬሚካል» አላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ በኋላ በእኔና በእሱ መካከል ስለሆነው ነገር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስለ ሥራ አጥ ተመራቂዎች ስንት ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ዘመድ ደውሎ «ታናሽህስ የት ገባ?» ሲለኝ ግን «በግሉ እየሠራ ነው» እልና ወሬ እለውጣለሁ። «ላርጎ ያማስላል» ማለት ከአፌ አይወጣም ነበር። በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደረሰኝ። ብሩን ያሰብኩት እሱን ውጭ ለመላክ ነበር፤ ደላላም አነጋግሬ ነበር። እሱ ደግሞ በዚያው ብር ቃሊቲ በኩል አንዲት የቆርቆሮ መጋዘን እንድንከራይ ፈለገ። «ዲግሪ ይዘህ ዕድሜህን በርሜል ስታማስል ልትጨርስ ነው?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ጸጸተኝ።

እሱ አልተቆጣም። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ስለ አክሊሉ ለማ ምን ታውቃለህ?» አለኝ።

«እንዶድን ያገኙት ሳይንቲስት ናቸዋ!»

«እንዶድንማ ያገኙት ልብስ አጣቢዎቹ ናቸው። እሳቸው ያገኙት አጣቢዎቹን ነው።»

በዚህ አነጋገሩ ተያዝኩና ሳምንቱን ሙሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው 1964 ነው። አክሊሉ ለማ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱ፣ በሠላሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ያሉ ወጣት ነበሩ። ወደ አድዋ የወረዱት ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ነው። የበሽታው ጥገኛ ትል ያለ ቀንድ አውጣ መኖር አይችልም። ከታማሚ ሰው የወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፣ እጩ ቀንድ አውጣው ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዚያ ወጥቶ ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ያጠፋ ሰንሰለቱን በጠሰ ማለት ነው።

አክሊሉ ወንዙን ይዘው ሲሄዱ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ደኅና ናቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡት እኛ ሁላችን በምናውቀው እንዶድ ነበር፤ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው።

ከእሳቸው በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፏል? ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ቆሞ፣ «እጃችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። በእኛ አገር እጥበት የሴትና የሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ ምሁር አያየውም። አክሊሉ አዩት፤ አይተውም አላለፉም። ፍሬውን ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱ፣ በ1966 ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው የሚጠራው ተቋም ነው።

ኬሚስትሪው ላይ ወንድሜ ነው ያስረዳኝ። እንዶድ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ይባላል። ሞለኪውሉ አንዱ ጎኑ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ጎኑ ቅባት ይወዳል። ከነጠላ ላይ እድፍ የሚያነሣው ለዚህ ነው። ቀንድ አውጣውንም የሚገድለው ይኸው ባሕርይ ነው፤ የሕዋስ ሽፋን ቅባት ስላለበት። አሣንም አይምርም። ለቢልሃርዝያው ሥራ ዋናውን ሳፖኒን ለይተው ያወጡት አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን ስሙንም በእሳቸው ስም «ለማቶክሲን» አሉት።

ከዚያ ነገሩ በተግባር ተፈተነ። አድዋ ከተማ ላይ ለአምስት ዓመት ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። በሕፃናት ላይ የታየው ውጤት ግልጽ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በታች ከሆናቸው ልጆች መካከል የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ፍሬያማና ተባይ የሚቋቋመውን መርጠው የእርሻውን በኩል ሠሩ። «ቁጥር 44» የሚባለው ዝርያ የእሳቸው ልፋት ነው። በ1989 ሁለቱ አብረው፣ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። ከ1964 እስከ 1989 ግን ሃያ አምስት ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዶድ የሚሸጥ ምርት አልሆነም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች መርዛማነቱ እነሱ በሚቀበሉት ደረጃ፣ በታወቁ ላቦራቶሪዎች ካልተፈተሸ አንደግፍም አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ጥናት አልበቃቸውም። ፍተሻ መጠየቁ ስህተት አይደለም፤ ወንዝ ውስጥ የሚፈስ ነገር መፈተሽ አለበት። ችግሩ ፍተሻውን ለመሥራት የሚያስችል ገንዘብም ላቦራቶሪም ያላቸው ጠያቂዎቹ መሆናቸው ነው። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጣ፣ ርካሽም ሆነ፤ የዓለም ትኩረት ወደ ክኒኑ ዞረ።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ያንገበግባል። በ1990 አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ ወደ አሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ ወቅት የአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በአንዲት ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት ተወርረው ነበር። እየተለጠፈች የፋብሪካና የውኃ ማመላለሻ ቱቦ ትዘጋለች። እንዶዱ ተሞከረባት፤ ገደላት። በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብት አወጣበት። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል፤ መብቱ ግን የቶሌዶ ነበር። የአድዋ ሴቶች እጅ ላይ የነበረው ዕውቀት ኦሃዮ ውስጥ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

እዚህ ላይ ስደርስ የብዙዎቻችን ምላሽ «ተዘረፍን!» ነው። እኔም ለወንድሜ ያልኩት ይህንኑ ነው። እሱ ግን አልተስማማም። «እሺ፣ መብቱ የእኛ ቢሆንስ? የት ነበር የምናመርተው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ያኔ ነው የህንዱን ታሪክ ያነሣው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ኬሚስትሪ ካስተማሩት አንዱ ህንዳዊ መምህር ነበር። እንደምታውቁት ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ብዙዎቹ ህንዶች ናቸው። ያ መምህር ተማሪዎቹ የላቦራቶሪ ዕቃ ጠፋ ብለው ሲያማርሩ የሚያነሣው አንድ ስም ነበር፦ ፕራፉላ ቻንድራ ሬይ።

ሬይ በ1861 ቤንጋል ውስጥ ተወለዱ፣ በ1887 ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ዶክትሬት ያዙ። ካልካታ ተመልሰው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ በረዳት ፕሮፌሰርነት ሲቀጠሩ ደመወዛቸው በወር 250 ሩፒ ነበር። በቅኝ ግዛቱ ሥርዓት ህንዳዊ ከእንግሊዛዊ እኩል አይከፈለውም። በ1892 በ700 ሩፒ መነሻ፣ በሚኖሩበት የኪራይ ቤት ውስጥ ቤንጋል ኬሚካልን ጀመሩ። ቀን ያስተምራሉ፣ ማታ ያፈላሉ፣ ያጣራሉ፣ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ።

ከሁሉ የገረመኝ የአጥንቱ ነገር ነው። ፎስፌት ለመሥራት ከሥጋ ሻጮች የከብት አጥንት ገዝተው ጣሪያ ላይ አሰጡት። ቁራዎች መጡ፣ ሥጋ የቀረበትን አጥንት እያነሡ ጎረቤት ግቢ ይጥሉ ጀመር። ጎረቤት ጮኸ፣ ለከተማው ጤና ቢሮ እንከስሃለን አለ። ሬይ አጥንታቸውን ሰብስበው ሌላ ቦታ ፈለጉ። ይህን ስሰማ የእኛ እትዬ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። የኤድንብራ ዶክተር፣ የኮሌጅ መምህር፣ በአጥንት ሽታ ከጎረቤት ጋር ተጣላ!

በ1901 ቤንጋል ኬሚካል የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ። መድኃኒት፣ አሲድ፣ የወለል ማጽጃ አመረተ። ከኮሌጁ ደግሞ በኋላ የህንድን ኬሚስትሪ የመሩ ተማሪዎች ወጡ። ሬይ ትዳር አልያዙም። ስድሳ ዓመት ከሞላቸው ከ1921 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ደመወዛቸውን ለኬሚስትሪ ምርምር ሰጡ። በ1944 ሲያርፉ አገራቸው ገና ነፃ አልወጣችም፤ ፋብሪካው ግን ነበረ።

ተረት እንዳይመስላችሁ። ሬይ ከሎሚ ሲትሪክ አሲድ ሊያወጡ ሞክረው ወጪው ስላላዋጣ ትተውታል። ኩባንያቸውም ከዘመናት በኋላ ኪሣራ ውስጥ ገብቶ በ1980 መንግሥት ወርሶታል። ካልካታም ያኔ ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች፤ የሚገዛ ፋርማሲና ምርቱን ለበሽተኞቻቸው የሚያዙ ሐኪም ወዳጆች ነበሯቸው። አክሊሉ ይህ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች አወዳድሬ አንዱን አላንስም። አክሊሉ ከማንም ያላነሰ ሠርተዋል፦ አይተዋል፣ ፈትነዋል፣ ተቋም መሥርተዋል፣ አስተምረዋል። የጎደለው ከእሳቸው ቀጥሎ የሚቆመው ሰው ነው። ፍሬውን በኩንታል ተቀብሎ፣ አፍልቶ፣ አጣርቶ፣ በየወሩ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ነገር በጀሪካን የሚያወጣው ሰው። በላቦራቶሪና በወንዙ መካከል ድስት የሚጥደው ሰው።

ያ ሰው ለምን ጠፋ? ገንዘብ፣ መንግሥት፣ አብዮት፣ ሁሉም ድርሻ አለው። አንዱ ምክንያት ግን እኔው ነኝ። ልጁ ከተማረ በኋላ እጁ እንዳይቆሽሽ የሚፈልግ ወንድም፣ የሚፈልግ አባት፣ የሚፈልግ ጎረቤት። እኛ ዘንድ ዲግሪ ከድስት ማምለጫ ነው። ቆዳ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ኬሚስት ማለት ደግሞ የእነሱ ተማሪ ነው። የቆዳ ማልፋት ኬሚስትሪ ነው። የጠላና የጠጅ ጥንሰሳ ኬሚስትሪ ነው። እንዶድ ኬሚስትሪ ነው።

ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማችሁ ግራና ቀኝ እዩ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ብረቱ፣ ምግቡ፣ ሁሉም በዚህ መስመር ነው። ጠዋት የፋብሪካ ሰርቪስ፣ ማታ የጭነት መኪና። ከጅቡቲ የሚመጣው ኬሚካል በዚሁ መንገድ ይገባል፣ የታጠበው ቀለም በአቃቂ ወንዝ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ወንድሜ በርሜል ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች የአገር ውስጥ መሆናቸውን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ውኃውንና የአፍዴራን ጨው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መርካቶ በሄደ ቁጥር የሚመለሰው ፊቱ ተለዋውጦ ነው። ስለ ውጭ ምንዛሪ በዚህ ቻናል ስንት ተከራክረናል። በእኛ ግቢ ግን ምንዛሪ ማለት አንድ ጀሪካን ሰልፎኒክ አሲድ ነው።

ሁሉም ጨለማ አይደለም። ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ ዕድሜያቸውን በአገራችን ዕፅዋት ኬሚስትሪ ላይ አሳልፈው፣ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የዕፅዋት ዘይት ወደ ገበያ የሚያወጣ ድርጅት መሥርተዋል። መንገዱ አለ ማለት ነው፤ የሚሄድበት ሰው ግን ጥቂት ነው። በየግቢው በርሜል የሚያማስሉት ደግሞ ብዙ ናቸው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ላቦራቶሪዎች በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ለእነዚህ ልጆች ቢከፈቱ፣ «አምጣ፣ ምርትህን እንለካልህ፤ አሲዱ በዝቷል፣ እጅ ያቃጥላል፣ እንዲህ አስተካክል» ቢሏቸው፣ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ዛሬ ላርጎ አምራቹ ልኩን የሚያውቀው በአጣቢዋ እጅ መሰንጠቅ ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ለደላላው ስልክ ደውዬ «ይቅር» አልኩት። ከዕቁቡ ብር ግማሹ ለመጋዘኗ የሦስት ወር ኪራይ ሆነ፤ ግማሹን ያዝኩት፣ ምክንያቱም እምነቴ ገና ግማሽ ነው። በርሜሉን ባለፈው እሑድ በጋሪ ወሰድነው። የማለቅለቂያው ውኃ እንዳይፈስ ወንድሜ ሌላ በርሜል አዘጋጅቷል፤ የእትዬን ስሞታ ቆጥሮላቸዋል።

እትዬ ጓዛችንን ስንጭን በረንዳቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ገብተው በፌስታል የደረቀ እንዶድ ይዘው ወጡ። «ቀንድ አውጣ ይገድላል ካልክ እስኪ ሥራበት። ግን አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ነው የሚሻለው፤ የበሰለውን እንዳትገዛ» አሉት። ወንድሜ ሳቀ። አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ላቦራቶሪ ውስጥ ያረጋገጡትን ነው በረንዳ ላይ የነገሩት።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ዘፍዝፎ፣ አፍልቶ፣ አጣርቶ ያወጣው ውኃ ቡናማ ሆነ፣ በአራተኛው ቀን ቦካ። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተኝ፤ ያስጠላል። «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። «እደግመዋለሁ» አለ፣ ጠርሙሱን እያጠበ።

ትናንት አጎታችን ከጎንደር ደወለ። ሰላምታው አለቀና እንደ ልማዱ «ታናሽህስ? ሥራ ያዘ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ላርጎ ይሠራል።»